ወዬ የሚጠብቅ ዜማ

የትርንጎን ማረፍ ሬዲዮ የነገረን እኛ ከሰማን በኋላ ነው። ጠዋት ከደብረ ብርሃን የመጣው የሚኒባስ ሹፌር ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮቱ ራሱን ነቅንቆልን ነበርና መርዶው አዲስ አልሆነብንም። አዲስ የሆነብን ቃሉ ነው። ከቀትር በኋላ ያው ሹፌር የመኪናውን በር ከፍቶ ሬዲዮውን ከፍ ሲያደርገው የገበያው ሰው ዙሪያውን ከቦ አዳመጠ። ጋዜጠኛው «ፈር ቀዳጇ የሶል ሙዚቃ አቀንቃኝ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ» አለ።

እኔ ጫማ ሰፊ ነኝ። በእኛ ከተማ፣ በመሐል ሜዳ፣ ሶል ማለት ተበስቶ ወይ ተገንጥሎ እኔ ዘንድ የሚመጣ ነገር ነው። አንድ እግሩን ባዶ አድርጎ ጫማውን የሚጠብቅ ደንበኛዬ ወደ እኔ ዞረና «የሶል ዘፋኝ? ለካስ የሙያ ባልደረባህ ኖራለች!» አለኝ። ሐዘን መሃል ሳቅ ሲመጣ መመለሻ የለውም፣ ሳቅሁ። ከዚያ ወስፌው እጄ ላይ እንዳለ አለቀስኩ። ቀልዱን ብትሰማው ኖሮ ከሁላችን በላይ የምትስቀው እሷ ነበረቻ!

«እሷ» ማለቴን አንባቢ በድፍረት እንዳይቆጥርብኝ። በዕድሜ ለእናቴ የምትቀርብ ሴት ነበረች። ሌላው ሰው ሁሉ እትዬ ትርንጎ፣ አንቱ እያለ ነው የሚጠራት። እኔም መጀመሪያ እንደዚያው ነበርኩ፤ የከለከለችኝ ራሷ ናት። «አንቱ ስትለኝ ሁለት ሰው እሆንና መቀመጫው ይጠበኛል» አለችኝ። እውነትም መቀመጫዋ ጠባብ ነበር። የእሷን ሱቅና የእኔን መስፊያ የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ነው። እሷ በዚያ ወገን የበግ ጠጉር ትፈትላለች፣ ባና ትሸጣለች፤ እኔ በዚህ ወገን እቀጠቅጣለሁ። ለዓመታት የኖርነው ጀርባና ጀርባ ሆነን ነው።

የእኛን አገር ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። ጉሙ ከገደሉ ተነስቶ ገበያው ውስጥ ይገባና እንደ ዘመድ ይቀመጣል። ሰው ሲያልፍ እግሩ ይሰማል እንጂ ፊቱ አይታይም። በዚያ ሰዓት ነው ትርንጎ ከቆርቆሮው ማዶ የምትጣራው።

«ባለወስፌው!»

«አቤት!»

«አቤት ለዳኛ ነው። እኔ ምን ከስሼህ? ወዬ በለኝ።»

«ወዬ!»

«እንደሱ። በቃ፣ ሥራህን ሥራ።»

ሌላ ጉዳይ የላትም። ወዬ እንድላት ብቻ ነው የምትጠራኝ። መጀመሪያ ብቸኝነት መስሎኝ ነበር። ልጅ የላት፣ ባል የላት፣ ሰው መኖሩን ማረጋገጥ ፈልጋ ነው ብዬ ተውኩት። እየቆየሁ ግን ወዬ ስላት እንዝርቷ ለአፍታ ቀጥ እንደሚል አስተዋልኩ። ታዳምጠኝና እንደገና ታሾረዋለች።

አንድ ጊዜም ስትዘፍን ሰምተናት አናውቅም። ዘፈኗን ግን የማያውቅ ሰው አገሩ ላይ የለም። «ማዶ ጉም» ያልተዘፈነበት ሰርግ እንደ ሰርግ አይቆጠርም። ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ስልክ እየተገለበጠ እስከ ዛሬ ደርሷል፤ የሚኒባሱ ሹፌር ከሞላሌ ዳገት ሲወጣ ሁልጊዜ የሚከፍተው እሱን ነው።

ማዶ ጉም ወረደ፣ መንገዱ ጠፋብኝ፣
ድምፅህን ላክልኝ፣ ፊትህ ቢቀርብኝ።

የዘፈኑ ጉድ ታዲያ ግጥሙ አይደለም። ከያንዳንዱ ስንኝ በኋላ ሁሉም ነገር ዝም ይላል። ከበሮውም ጡሩምባውም ይቆማል። ሸክላው የተሰበረ እስኪመስል ድረስ አንድ ትንፋሽ ያህል ባዶ ቦታ ይመጣል፣ ከዚያ ድምጿ ከየት መጣ ሳይባል ይመለሳል። በሰርግ ላይ ያቺ ባዶ ቦታ ስትደርስ ወጣቱ ያፏጫል፣ ሴቱ ያጨበጭባል፣ ሙሽራዋ ሳቋን በመሀረብ ትሸፍናለች። ለመደሰቻ የተተወች ቦታ ትመስላለች።

በጎረቤታችን ሰርግ ዕለት ዘፈኑ ሲከፈት ትርንጎን በቆርቆሮው ቀዳዳ አየኋት። እንዝርቷን ጭኗ ላይ አስተኝታ ዓይኗን ጨፍናለች። ስንኙ ሲያልቅ አንገቷን ሰበር አድርጋ ጆሮዋን ወደ ሰርገኛው ሰጠች፣ ሰው እንደሚጠብቅ። ፉጨትና ጭብጨባ መጣ። «እሱ አይደለም» አለች ቀስ ብላ፣ ፈትሏንም ቀጠለች።

አትዘፍንም አልኩ እንጂ ዘፈኑ ጥሏት አልሄደም። ይህንን ጫማዋ ነግሮኛል። የቀኝ እግሯ ሶል ሁልጊዜ ከፊት በኩል ይበላል፣ የግራው ግን እንደ አዲስ ነው። ቀኑን ሙሉ ቁጭ የምትል ሴት እንዴት አንድ ጫማ ብቻ ትጨርሳለች? ዜማውን በውስጧ እየያዘች ምቱን በጣቷ ትመታ ኖሯል። አንድ ቀን «የግራውን ለማን ነው የምትቆጥቢው?» ብላት «ግራው ተቀባይ ነው፣ ዝም ብሎ ይጠብቃል» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ አለፍኩት።

አንድ ክረምት ከአዲስ አበባ ጋዜጠኛ መጣባት። ጨዋ ልጅ ነው፣ ብርዱ አንቀጥቅጦት ከእሷው ገዝቶ በለበሰው ባና ውስጥ ሆኖ ነው የጠየቃት። «እትዬ ትርንጎ፣ ያቺ ዝምታ ናት የዘመኑን ዘፈን የለወጠችው። ከእርስዎ በኋላ የመጣው ዘፋኝ ሁሉ ያንን ክፍተት ለመኮረጅ ሞክሯል፤ አልሆነለትም። እንዴት አሰቡት?»

«አላሰብኩትም፣ ልጄ። ተቀባይ ስጠብቅ ነው።»

ጋዜጠኛው ሳቀና ጻፈው። ምን ብሎ እንደጻፈው እንጃ። እኔ ግን «ተቀባይ» የሚለውን ቃል ለሁለተኛ ጊዜ መስማቴ ነበርና ልጁ ከሄደ በኋላ ሥራዬን ትቼ ቆርቆሮውን ዞርኩ። «እስቲ ንገሪኝ» አልኳት። ጉሙ ወርዶ ስለነበር ገበያተኛም አልነበረም። እየፈተለች ነገረችኝ፣ ዓይኗን ከክሩ ሳታነሳ።

የትርንጎ እናት ሙሾ አውራጅ ነበሩ። ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ባለው ቀዬአቸው ሰው ሲሞት ለቅሶው የሚጀመረው እሳቸው ሲደርሱ ነው። ሁለት ሴት ልጆች ነበሯቸው፣ ታላቂቱ ሸዋዬና ትርንጎ። አገሩ ሁሉ ሙሾን በዋይታ ሲቀበል፣ የእሳቸውን ሙሾ የሚቀበሉት በ«ወዬ» ነው። ስንኙን ያወርዱና ዝም ይላሉ፤ ከኋላ ያሉት ሴቶች «ወዬ» ይላሉ፣ ሰው ሲጠራን እንደምንለው ያለ ወዬ። «ሙት ሲጣራ መልስ ይፈልጋል፤ ዝም ካላችሁት የሄደ አይመስለውም፣ መንገድ ላይ ይቀራል» ይሉ ነበር እናትየው። ልጆቹ ሜዳ ላይ በግ እየጠበቁ ለቅሶ ለቅሶ ሲጫወቱም ትርንጎ ታወርዳለች፣ ሸዋዬ ወዬ ትላለች።

ትርንጎ በወጣትነቷ አዲስ አበባ ገባች፣ ባንድ አገኘች፣ ዘፋኝ ሆነች። እናቷ ሲሞቱ እዚያው ነበረች።

በእኛ አገር መርዶ በወግ ነው የሚነገረው። ማልዶ ነው፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው በግራ በቀኝ ቆሞ ነው። የትርንጎ ግን ወግ አጣ። አንድ የአገሯ ልጅ ለጉዳዩ አዲስ አበባ ሄዶ ሳለ ሊያያት ወደምትዘፍንበት ቤት ጎራ አለ። የእናቷን ሞት የሰማች መስሎት ነበር።

«እጄን ጨብጦ እግዜር ያጥናሽ አለኝ» አለችኝ። «በምን? አልኩት። ደነገጠ። ደንግጦ ዝም ሲል ገባኝ። ሰው መርዶውን በዝምታ ሲረዳ አይተህ ታውቃለህ?»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ስሜ ተጠራ። ቤቱ ሞልቷል፣ ሙዚቀኞቹ ጀምረዋል። ግጥሙ ያጠናነው የፍቅር ግጥም ነው። አፌን ስከፍት ግን የወጣው ዜማ የእናቴ ሆነ። አንዱን ስንኝ አወረድኩና ቆምኩ። እኔ እንጃ፣ የአገሬ ሴቶች ከኋላዬ ያሉ መሰለኝ። ወዬ እስኪሉኝ ጠበቅሁ። ማን ይበለኝ? ጡሩምባ ነፊው ቦታውን ሊሞላው ሲነሳ እጄን አነሳሁበት። ተው፣ ቦታው የሰው ነው አልኩት።»

እስከ መጨረሻው እንደዚያ እየጠበቀች ዘፈነችው። ሰው አበደ። ሸክላ ላይ ሲቀረጽም ያንን ባዶ ቦታ እንዳይነኩባት ለመነቻቸው። ሙዚቀኞቹ አዲስ ስልት መሰላቸው፤ እሷ ግን ቦታውን የተወችው ለአንድ ሰው፣ ለእህቷ ነው። ሸክላው አገር ቤት ይደርሳል፣ ሸዋዬ ትሰማዋለች፣ ስትሰማው ወዬ ትላለች፤ በዚህ ተለያይተውም ቢሆን እናታቸውን አብረው ያለቅሳሉ ብላ ነበር ያሰበችው።

ሸክላው አገር ቤት ደረሰ። ሸዋዬ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው ሰርግ ላይ ነው። የእናቷ አፈር ሳይደርቅ በእናቷ ሙሾ እስክስታ ሲወረድበት አየች። የምታማስለውን ድስት ለሌላ ሰው ትታ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ከሰርጉ ወጣች ይላሉ። ትርንጎ ለእናቷ ሙት ዓመት ስትመጣ ደጃፉ ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

«የእናቴን ሙሾ አስጨፈርሽበት» አለቻት። «ከእንግዲህ አንቺ አውርጂ፤ እኔ ግን አልቀበልሽም።»

ትርንጎ ይህን ስትነግረኝ ክሩ ተበጠሰባት። «ልብ አልክ? አልቀበልሽም ነው ያለችኝ። ሙሾሽንም አልቀበልም፣ አንቺንም አልቀበልም፤ ሁለቱን ባንድ ቃል። የእናቴ ልጅ እኮ ናት፣ ቃል ታውቅበታለች!» አለችና ጫፉን በምራቋ አርሳ መልሳ ቀጠለችው። እህቷን እንደዚያ ስታደንቃት እኔ በሸዋዬ ተናደድኩ። በትርንጎ ፈንታ መናደድ ሥራዬ ሆኖ ቀረ።

አርጅታ ከከተማ ስትመለስ ትርንጎ እዚያ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ለምን እንደተቀመጠች የገባኝ ያን ዕለት ነው። እትዬ ሸዋዬ በየገበያው ቀን የበግ ጠጉር ተሸክመው ይመጣሉ። በእኛ መደዳ ፊት ለፊት ያልፋሉ፣ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው። ልክ ሲደርሱ ትርንጎ ትጣራለች።

«እታለም!»

እትዬ ሸዋዬ አይዞሩም። ትርንጎም ደግማ አትጠራም። ከየቀዬው የመጣው ነጋዴ ሁሉ ለምዶታል፣ እንደ ደወል። እኔ ብቻ ሳልለምደው ቀረሁ፤ ወስፌዬን ይዤ ከንፈሬን እነክሳለሁ። አንድ ቀን ግን አንድ ነገር ታየኝ። ከሴትየዋ ቀዬ ወደ ጠጉር ተራው የሚያደርስ አቋራጭ አለ፤ የእኛን መደዳ አይነካም። ጭነት ተሸክሞ በእኛ በኩል የሚዞር ሰው የለም። እሳቸው ግን አንድም ገበያ በአቋራጩ ሄደው አያውቁም። ለትርንጎ ስነግራት «አየህ?» ብላ እንደ ልጃገረድ ፈገግ አለች።

ሽማግሌ አልተላከም እንዳይባል ተልኳል፣ ከቄስ ጋር። እትዬ ሸዋዬ ሽማግሌዎቹን በወጉ ተቀብለው፣ አብልተው አጠጥተው «ይቅርማ ብያታለሁ፣ እኔም ነገ ሟች ነኝ» አሉ። «እንግዲያው ስትጠራዎት ወዬ ይበሏት» ሲሏቸው ግን ፊታቸው ጠቆረ። «ወዬ ለእናቴ ነው። ወዬዬን ለጭፈራ አልሰጥም» ብለው ተነሱ። ሽማግሌዎቹ ምኑም ሳይገባቸው ተመለሱ። አንደኛው «ይቅር ካሏት ወዬ ምን ያህል ነገር ነው?» እያለ ሲገረም ትርንጎ በትዕግሥት ሰማችውና «እሷ ልክ ናት፤ ወዬ ትልቅ ነገር ነው» አለችው። እኔ ሙግቱን ልቀጥል ነበር፣ በዓይኗ አስቆመችኝ።

ባለፈው ዓመት ደረቷን ያማት ጀመር። ሳሉ ሲበረታ ደብረ ብርሃን ወስደን እናሳክማት ተባለ። የገበያ ቀን ነበር፣ ጉሙም ወርዶ ነበር። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል እትዬ ሸዋዬ እንደ ልማዳቸው ጠጉራቸውን አዝለው ብቅ አሉ። ትርንጎ መስኮቱን ከፈተች። ድምጿ እንደ ድሮው አልሆነም፣ ግን ወጣ።

«እታለም!»

እሳቸው ቆሙ። ከዚያ በፊት ቆመው አያውቁም። ጀርባቸውን እንደሰጡን ትንሽ ቆዩ፣ ትከሻቸው ተነቃነቀ፣ ከዚያ ጉሙ ውስጥ ገቡ። ትርንጎ መስኮቱ ላይ አገጯን አስደግፋ አየቻቸው። ቀጥላ እኔን ጠራች።

«ባለወስፌው!»

«ወዬ!» አልኳት።

«አንተማ ትላለህ» አለችኝ። የሰማሁት የመጨረሻ ቃሏ ይህ ነው።

ሬዲዮው ስሟን በጠራ ማግስት አስከሬኗ በዚያው ሚኒባስ በሞላሌ በኩል አልፎ መጣ። ሹፌሩ ጣሪያው ላይ ምንም አልጫነም። ወደ ቀዬዋ ስንወጣ ጉሙ ከመሬት ስላልተነሳ ሰዉ ሁሉ ከወገቡ በላይ ብቻ የሚታይ ይመስላል። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ሜዳ ላይ ቃሬዛው ዐረፈ። ሴቶቹ ከበቡ፣ ወንዶቹ ወደ ዳር ቆምን። ከዚያ ዝም ተባለ።

የሚያወርድ ጠፋ። ከእናታቸው በኋላ የቀዬው አውራጅ እትዬ ሸዋዬ ናቸው፤ እሳቸው እያሉ ማን አፉን ይከፍታል? እሳቸው ደግሞ ከቃሬዛው ራስጌ ቆመው መሬት መሬት ያያሉ። ለስንት ክፉ ሰው እንኳ ሙሾ ያወረደ አገር ትርንጎን በዝምታ ሊቀብራት ነው ብዬ ልቤ ቆሰለ። አንዲት ሴት ተንሰቅስቃ ጀምራ እትዬ ሸዋዬን አየችና ተወችው።

ይሄኔ ነው ሹፌሩ ያንን ያደረገው። ምን ብሎ እንደሆነ እሱም ዛሬ ሲጠየቅ አያውቀውም፤ ዝምታው ከብዶኝ ነው ይላል። ወደ መኪናው ሄዶ በሩን ወለል አድርጎ «ማዶ ጉም»ን ከፈተው።

ማዶ ጉም ወረደ፣ መንገዱ ጠፋብኝ፣

የወጣት ሴት ድምፅ ነው፣ ለምለም። ቃሬዛው ላይ ያለችው እሷ፣ ጉሙ ውስጥ የምትጣራው እሷ። ሰው ክው አለ። «ምን ዓይነት ርኩስ ነህ! የሰርግ ዘፈን!» ብሎ አንድ ሽማግሌ ዱላውን አነሳ። ቄሱም «ዝጋው!» አሉ። ባዶዋ ቦታ መጥታ በዚያ ጫጫታ መሃል አለፈች። ሹፌሩ ማጥፊያውን ሲፈልግ እትዬ ሸዋዬ ቀና አሉ።

«ተዉት!»

ሁሉም ባለበት ቆመ።

ድምፅህን ላክልኝ፣ ፊትህ ቢቀርብኝ።

ከበሮው ቆመ። ጡሩምባው ቆመ። ያቺ ባዶ ቦታ ደረሰች። እድሜዬን ሙሉ በፉጨት ስትሞላ የማውቃት ቦታ ክፍት ሆና ሜዳው ላይ ተዘረጋች። እትዬ ሸዋዬ ነጠላቸውን ከፊታቸው አወረዱ።

«ወዬ!» አሉ።

ቦታው ልኩ ነበር። አልተረፈም፣ አልጎደለም፤ የእሳቸው ትንፋሽ ሲያልቅ የትርንጎ ድምፅ ተነሳ። እሷ ታወርዳለች፣ እሳቸው ይቀበላሉ። በሦስተኛው ላይ ሴቶቹ ሁሉ ገቡ፣ «ወዬ!» የእነ ትርንጎ እናት ሙሾ መሆኑን አሮጊቶቹ አወቁትና ደረታቸውን መቱ። በሰርጋቸው በዚሁ ዜማ የጨፈሩ ሴቶች ዓይናቸውን ጨፍነው ወዬ ይላሉ። እኔም ከወንዶቹ መሃል ሆኜ፣ ወግ ይሁን አይሁን ሳልል፣ ወዬ አልኳት።

ዘፈኑ አልቆ ጸጥ ሲል ወንዶቹ ቃሬዛውን ሊያነሱ ጎንበስ አሉ። እትዬ ሸዋዬ እጃቸውን ቃሬዛው ላይ ጣል አድርገው አስቆሟቸው፤ ወደ ሹፌሩም ዞሩ። ፊታቸው በእንባ ርሷል፣ ድምፃቸው ግን የአውራጅ ድምፅ ነው።

«ድገመው፣ ልጄ። የመጀመሪያው ላይ ዘግይቼባታለሁ።»

ሹፌሩ ደገመው።